የጋሽ አበራ ጎባጣ ማንኪያ

መብላት ያልፈለጋችሁትን ነገር «በሞቴ» ተብላችሁ የዋጣችሁበት ቀን አለ? ልባችሁ እምቢ እያለ፣ ያቀረበላችሁ ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ ብቻ አፋችሁን የከፈታችሁበት? በእኔ ብዙ ጊዜ ደርሷል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይመጣም፤ ቢበዛ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ይረሳል። ጋሽ አበራም ባለፈው ዓመት መስከረም ማብቂያ ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እያየሁ እንዲሁ አፋቸውን ከፈቱ። በዘጠነኛው ቀን ቀበርናቸው።

ካናዳ፣ ስካርቦሮ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ ቁጥር ያልተሰጠው ሐሳብ የጠፋብኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ይህንንም ከመጀመሪያው ልጀምር። ቅደም ተከተል መውደዴ ምን እንዳመጣ ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

ጋሽ አበራን ያወቅኋቸው በቤተ ክርስቲያን ነው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዱ ነበር። አገር ቤት ሳሉ ግን በወለጋ በኩል፣ በአንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ፣ የጥድ ችግኝ ሲያፈሉ ነው የኖሩት። ከባሕር ማዶ የመጣው የጥድ ዘር፣ ከትልቅ ጥድ ሥር የተዛቀ አፈር ካልተቀላቀለለት ቢጫ ሆኖ እንደሚቀር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«አፈሩ ውስጥ የእንጉዳይ ክር አለ» አሉኝ። «ክሩ ከዛፉ ሥር ጋር ይጋባል። ጥድ ብቸኛ ዛፍ ይመስላል እንጂ ብቻውን ቆሞ አያውቅም።»

እሳቸው ግን ብቻቸውን ነበሩ። ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ አመጣቻቸው፤ እሷ ለሥራ ካልጋሪ ስትሄድ እሳቸው እዚሁ ቀሩ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በቫን ሆነን ከከተማው በስተሰሜን ወዳለ የጥድ ደን እንሄድ ነበር። ዛፎቹን ሰው የተከላቸው ናቸው፤ እንደ ክፍል ወንበር በረድፍ ቆመዋል። ለዚህም ይሆናል የወደድኩት። ጋሽ አበራ ከቫኑ ስንወርድ ለእያንዳንዳችን ማንኪያ ያድሉናል። ቢላ አይፈቅዱም። የራሳቸው ማንኪያ አንገቱ የጎበጠ የሾርባ ማንኪያ ነበር፤ ከኮታቸው ኪስ አይለይም።

እንጉዳይ ሲያገኙ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። አንድ ጉልበታቸውን መሬት ያስነካሉ። ከዚያ በማንኪያው ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይቆፍሩና ከነእግሩ፣ ከነአፈሩ ያወጡታል። ገልብጠው ከሥር ያዩታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል፤ ከዚያ ይጠይቁታል።

«አንተ ማነህ?»

«ቢመልስልዎትስ?» አልኳቸው የመጀመሪያ ቀን።

«ይመልሳል። የማትሰሚው አንቺ ነሽ። ቲቸሮች ስትጠይቁ እንጂ ስትሰሙ አላየሁም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለዚህ አገር እንጉዳዮች የአማርኛ ስም ስለሌለ ራሳቸው ያወጡላቸው ነበር። ባርኔጣው ቅቤ እንደተቀባ የሚያዳልጠው፣ ከሥሩ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው «ቅቤው» ነው። ሲቆረጥ ብርቱካንማ ወተት የሚያነባው፣ ቁስሉ ሲቆይ አረንጓዴ የሚሆነው «አልቃሻው» ነው። ሁለቱም ከጥድ ሥር አይጠፉም፤ የምንለቅመውም እነሱን ብቻ ነበር። ሦስተኛዋን ግን ለመልቀም ሳይሆን ለመሸሽ ነው ያስተማሩን። እሷ «ሙሽራዋ» ናት።

«ከላይ እስከ ታች ነጭ ናት» ይሉናል። «አንገቷ ላይ ነጭ ቀሚስ፣ እግሯ ላይ ነጭ ካልሲ አላት። ካልሲዋ አፈር ውስጥ ነው፤ ቆፍሮ ያላየ አያውቃትም። ሽታዋ ደስ ይላል፤ ጣዕሟም ደስ ይላል ይባላል፣ የነገሩን ሰዎች ግን ዛሬ የሉም። ሙሽራ ካልሲዋን ሳታዩ ቤት አታስገቡ!»

እናቶች እየሳቁ ይቆጧቸዋል። እሳቸው ግን ቀጥሎ የሚናገሩትን ሳይስቁ ነበር የሚናገሩት። የእሷ መርዝ አይቸኩልም፤ የበላ ሰው ግማሽ ቀን ደህና ይውላል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ይሻለዋል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠይቃል።

«እዚያ ላይ ነው የምትፈሩት» ይሉ ነበር። «በሻለው ቀን። ያን ጊዜ ጉበቱ ውስጥ ሥራ ላይ ናት።»

እኔ እንጉዳይ አልበላም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ውስጥ ሲያንሸራትት አልወድም። መለየቱን ግን ወደድኩት። ባርኔጣውን በወረቀት ላይ ደፍቶ ማሳደርን ተማርኩ፤ ጠዋት ሲያነሱት ከሥሩ የረገፈው ዱቄት በወረቀቱ ላይ እንደ ጨረር ተስሎ ይገኛል። ለተማሪዎቼም በሱቅ እንጉዳይ አሳየኋቸው። ጋሽ አበራ ይህን ስነግራቸው፣ «የማትበላውን የምታጠና የመጀመሪያዋ ሰው» ብለው አሾፉብኝ።

በእንጉዳይ ጉዳይ ጨካኝ ነበሩ። አንድ ጊዜ ባልዲያቸው ጢም ብሎ ሞልቶ ወደ ቫኑ ስንመለስ፣ ከታች አንድ የተሰበረ ነጭ ቁራጭ አዩ። ማን እንደጣለው አላወቁም። ዘቅዝቀው ሁሉንም ደን ውስጥ ደፉት።

«ሙሉውን?» አልኩ። «ቁራጯን ብቻ ቢያወጧት እኮ…»

«የተቆረጠ እንጉዳይ ስም የለውም፣ ቲቸር። ስሙን ያልነገረኝን ነገር አልበላም።»

ለሰው ግን እንደዚህ አልነበሩም። በመጋዘኑ ሁሉም ሰው ሺፍቱን የሚያሸክማቸው እሳቸውን ነበር፤ «ጋሼ፣ ልጄ አሞት ነው»፣ «ጋሼ፣ የዛሬን ብቻ» ካሏቸው አለቀ። አንድ ሰው እጅጌው አጭር የሆነ የክረምት ጃኬት ሰጥቷቸው፣ ሰጪው እንዳይከፋው ብለው ሁለት ክረምት የእጃቸው አንጓ እየበረደው ለበሱት። ለእንጉዳይ ባልዲ ሙሉ «እምቢ» የነበራቸው ሰው፣ ለሰው አንዲት እንኳ አልነበራቸውም። እኔ ይህን እንደ ጨዋነት አይቼ አደንቅላቸው ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ባለፈው ዓመት አዲስ ሰዎች ስለበዙ የጋሽ አበራን ትምህርት በአንድ ገጽ ጽፌ ለማደል አሰብኩ። አምስት ነጥብ አወጣሁ። አንደኛ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር በቀለ? ሁለተኛ፣ ከባርኔጣው ሥር ምን ይመስላል? ሦስተኛ፣ ሲቆረጥ ቀለሙ ይለወጣል? አራተኛ፣ ሽታው እንዴት ነው? አምስተኛ፣ እግሩ። ከላይ ወደ ታች ስለሄድኩ እግሩ መጨረሻ መጣ። አምስተኛው ደግሞ የሙሽራዋ ሥዕል ስለነበረበት ሰፊ ቦታ ፈለገ፤ ፊደሉን ከማሳንስ ብዬ ወደ ጀርባው አዞርኩት። በቀለም አትሜ ፕላስቲክ አስለበስኩት።

ጋሽ አበራ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ከእኔ ይልቅ ወረቀትሽ ያምራል። እግሩ የት አለ?»

«ጀርባው ላይ ነው፣ ጋሼ።»

አገላብጠው አዩ። «እኔ ብሆን ከእግሩ እጀምር ነበር።»

«በቅደም ተከተል እኮ ነው ያደረግሁት።»

«እሺ» አሉ። እንደ ልማዳቸው። እንዳይከፋኝ ብለው።

በዚያ ቅዳሜ ደን ስንሄድ እትዬ በላይነሽ አብረውን ነበሩ። ክሬሰንት ታውን ካሉት ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሴት ናቸው። እሳቸውም የምዕራብ ሰው ናቸው። በእነሱ አገር ምስጥ በሠራው ኩይሳ ላይ ነጭ እንጉዳይ ይበቅላል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከዚያው ኩይሳ ይወጣል። ማንም አይነቅለውም። ከመሬቱ ልክ በቢላ ይቆረጣል እንጂ ሥሩ አይነካም፤ ሥሩን የነቀለ የጎረቤቱን የከርሞ ምግብ ነቀለ ይባላል። እትዬ በላይነሽ በዚህ ልማድ ነው ያደጉት።

ጥዱ አልቆ ሌሎች ዛፎች በሚጀምሩበት ጠርዝ ላይ ጉንዳኖች የቆለሉት የአፈር ጉብታ አገኙ። ዙሪያውን ነጫጭ እንጉዳዮች ቆመዋል። ለእሳቸው ኩይሳ ነበር። ማንኪያውን ኪሳቸው ከተው፣ ከቦርሳቸው ቢላ አውጥተው፣ ለከርሞ እንዲበቅል ሥሩን ሳይነኩ ከመሬቱ ልክ ቆረጡ። ለማንም አላሳዩም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጋሽ አበራንና እኔን ምሳ ጠርተው ነበርና፣ ጋሽ አበራን ሊያስደንቁ ፈለጉ።

ምሳው ላይ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ለእኔ ሽሮ ለብቻ ሠርተውልኛል። የድስቱ ክዳን ሲነሳ ጋሽ አበራ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ በላይነሽ?»

«እንጉዳይ ነዋ! የኩይሳ። ትናንት እርስዎ ሳያዩ ነው የለቀምኩት፣ ሰርፕራይዝ ላደርግዎት።»

«ኩይሳ? ካናዳ?»

«በዓይኔ አየሁት እኮ! ጥዱ ሲያልቅ፣ ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት። ጥርት ያለ ነጭ፣ ትል እንኳ አልነካውም።»

ጋሽ አበራ ቀና አሉ። «ያልተከተፈ የተረፈ የለም?»

«አንድም! ምነው ጋሼ፣ አላመኑኝም? የቲቸርን ወረቀት አንድ በአንድ እያየሁ ነው የሠራሁት። አራቱንም አይቻለሁ።»

አራቱንም አሉ። በገዛ እጄ አምስት ቁጥር የጻፍኩ እኔ፣ አራት ሲባል አልሰማሁም።

ጋሽ አበራ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር?»

«በደንብ አስተምሬያቸዋለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ኮርቼ ነበር።

«የተቆረጠ እንጉዳይ…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። እትዬ በላይነሽ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«በሞቴ፣ ጋሼ! በሞቴ አንድ ጉርሻ! ቤቴ መጥተው ሊያሳፍሩኝ ነው?»

የእትዬ በላይነሽ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጋሽ አበራም አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። «አንድ ያጣላል» ብለው እትዬ በላይነሽ ደገሟቸው። ከዚያ በኋላ ጋሽ አበራ በራሳቸው እጅ በሉ።

«ይጣፍጣል» አሉ ጋሽ አበራ። ሲሉት እኔን አላዩኝም።

እትዬ በላይነሽ እንደማንኛውም ባለቤት ሲያቀርቡ፣ ሲያነሱ ቆይተው መጨረሻ ላይ የድስቱን ጥራጊ ብቻ ቀመሱ። በሕይወት የተረፉትም በዚያ ይመስለኛል።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼ ሳይገቡ ስልኬ ጠራ።

«ቲቸር» አሉኝ ጋሽ አበራ፣ ድምፃቸው ደክሟል። «ሌሊቱን ሳስመልስ አደርሁ። በበላሁ በግማሽ ቀኑ ነው የጀመረኝ። ከማዕድ እንደተነሳሁ ቢያስመልሰኝ ደስ ባለኝ። አምቡላንስ ጠርቻለሁ። አንቺ ለበላይነሽ ኮል አድርጊ፤ እሷም ትሂድ። እንዳትጮሂባት።»

ደወልኩ። እትዬ በላይነሽም ታመው ነበር። ሁለቱም አንድ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ የተረፈ ጥሬ እንጉዳይ ካለ ብለው ስለጠየቁ የእትዬ በላይነሽን ቁልፍ ተቀብዬ ክሬሰንት ታውን ሄድኩ። ድስቱ ታጥቧል፤ ልጣጩ ተጥሏል። ከመውጣቴ በፊት ማቀዝቀዣውን አየሁ። ወረቀቴ በማግኔት በሩ ላይ ተለጥፏል። ፊቱ ወደ እኔ ነው፤ ከአንድ እስከ አራት፣ በሚያምር ቀለም። አምስተኛው ከብረቱ ጋር ተጣብቋል።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ወደ ደኑ ነዳሁ። ጉብታውን ለማግኘት አልቸገረኝም። ነጫጭ የተቆረጡ እግሮች ከመሬት ልክ ቆመዋል። ተንበርክኬ በማንኪያ ቆፈርኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ ልንገራችሁ፤ «ባዶ እግር ይሁን» ነው ያልኩት። አፈሩን ገለል ሳደርገው ነጭ ካልሲ ወጣ። ሌላውን ቆፈርኩ። ካልሲ። ሰባቱንም ቆፈርኩ።

አንዱን በላስቲክ ይዤ ሆስፒታል ስደርስ ጋሽ አበራ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ፈክቷል።

«ጋሼ! ተሻለዎት!» አልኩ። ላስቲኩን ከኋላዬ ደበቅሁት። «ደህና ነዎት እኮ! ነገ ያስወጡዎታል።»

ወደ ደበቅሁት እጄ አዩ።

«ሻይ ጠየቅኋቸው» አሉ። «ቲቸር፣ ከዚህ ቀን ቀጥሎ ምን ይመጣል? ብዬሽ ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ተማሪዬ እንዲህ ዝም ቢለኝ ቆጥሬ ዜሮ እሰጠው ነበር።

«በይ አሳዪኝ።» እጃቸውን ዘረጉ። ላስቲኩን ሰጠኋቸው። አወጡት፣ ገለበጡት። በአውራ ጣታቸው ከካልሲው ላይ አፈሩን ጠረጉ። ደን ውስጥ እንደሚያደርጉት ኮፍያ ሊያወልቁ ይመስል እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄዶ ተመለሰ።

«እሷ ናት» አሉ።

ሐኪሙ ሲመጣ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። እንጉዳዩን ማን ለቀመው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አበራ በአማርኛ፣ ወደ እኔ እያዩ፣ «እኔ ነኝ የለቀምኩት፣ እኔ ነኝ የሠራሁት በይው» አሉ።

«ጋሼ…»

«በሞቴ። ለፓስተሩም ለሰዉም እንደዚሁ በያቸው። እሷ እዚህ ዘመድ የላትም። ሰው ነፍሰ ገዳይ ብሎ ከጠራት በምን ትኖራለች? እኔ እንደሆነ የሚሉኝን አልሰማም።»

አልተቃወምኩም። ሐሰቱን በጥሩ እንግሊዝኛ ተረጎምኩት።

ረቡዕ ቢጫ ሆኑ። ልጃቸው ከካልጋሪ ስትደርስ አላወቋትም። ስለ ጉበት ንቅለ ተከላ ተነስቶ ነበር፤ አልደረሰም። ቅዳሜ ዐረፉ።

በቀብሩ ላይ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «አዋቂ ነኝ ሲሉ ኖረው በአዋቂነታቸው ሄዱ» አለ። ሌላው፣ «ሰውን ሁሉ ደን ሲያዞሩ እግዜር ነው ያተረፈን» አለ። ዞሬ ልናገር ነበር። «በሞቴ» ያሉኝ ሰው ግን ያው ሞተዋል። ዝም አልኩ። እትዬ በላይነሽ ከሆስፒታል ወጥተው በእኔ ትከሻ ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ልጅ የላቸውም። እሳቸውም ሰሙ። እሳቸውም ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ደን አልሄደም። የጋሽ አበራ ትምህርት በሙሉ «ያ የገደላቸው ነገር» ሆኖ ቀረ። አርባ ዓመት ያወቁትን አንድ ወረቀትና አንድ ጉርሻ አጠፉት፤ ወረቀቱ የእኔ ነው። ልጃቸው ማንኪያውን ሰጠችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ምን እንደማደርግበት አላውቅም። ተማሪዎቼን «ገባችሁ?» ብዬ ስጠይቅና «አዎ!» ሲሉኝ አሁን ልቤ ይደነግጣል። ምን እንደገባቸው፣ ጀርባው ላይ ምን እንደቀረ፣ በምን ላውቅ እችላለሁ?

ባለፈው ሳምንት እትዬ በላይነሽ ደወሉልኝ።

«ቲቸር፣ ዛሬም ሰው እሳቸውን ሲያማ ሰማሁ። እኔ አፌን መክፈት አልቻልኩም። አንቺ ጻፊው» አሉኝ።

«አደራ ብለውኛል፣ እትዬ። በሞቴ ብለውኝ ነው።»

«እኔም በሞቴ ብዬ ነው የገደልኳቸው» አሉና ዘጉት።

ስለዚህ ጻፍኩት። የእትዬ በላይነሽን ስም ለውጫለሁ፤ የራሴን ጥፋት አልለወጥኩም። ጋሽ አበራ በእንጉዳይ አልተሳሳቱም። ይህ ለእሳቸው የመጀመሪያው እምቢታዬ ነው። ለማንም አልደረሰም፤ በመቃብር ላይ የሚነገር እምቢታ ማንን ያተርፋል?

ለእናንተ ግን ጊዜ አለ። ደን ሂዱ፣ እንጉዳይ ልቀሙ አልላችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የምትወዱት ሰው የማታውቁትን ነገር በእጁ ይዞ «በሞቴ» ሲላችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እምቢ፣ አልበላም» በሉት። ፊቱ ሲለዋወጥ ዓይናችሁን አትመልሱ፤ እስኪያልፍ ቁጭ ብላችሁ እዩት። በጣም ከባድ ነው። ግን ሞክሩት። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት።